«የዝናብ ግብር»፦ ሜሪላንድ ውስጥ የጎርፍ ሂሳብ እንዴት የምርጫ ካርድ ሆነ

በ2014 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሜሪላንድ ገዥነት የተወዳደሩት ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆጋን በየመድረኩ የማይለዩዋት አንዲት ሐረግ ነበረቻቸው፤ «የዝናብ ግብር»። መልእክቷ ግልጽ ነው። ዴሞክራቶቹ የሚቀርጡት ነገር ቢያልቅባቸው ከሰማይ የሚወርደውን ውሃ መቅረጥ ጀመሩ ትላለች። አጭር ናት፣ አፍ ላይ ትጥማለች፣ ለመሳቅም ለመናደድም ትመቻለች። በኅዳር ወር ምርጫ፣ ዴሞክራቶች እጅግ በሚበዙበት ግዛት፣ ሆጋን የወቅቱን ምክትል ገዥ አንቶኒ ብራውንን አሸንፈው ገዥ ሆኑ። ያሸነፉት በዚች ሐረግ ብቻ አይደለም፤ ቀደም ባሉት ዓመታት የተከመሩ ሌሎች ግብሮችና ክፍያዎችም ነበሩ። ሰው የሚያስታውሰው ግን ዝናቡን ነው።

ዝናብን የቀረጠ ሕግ በሜሪላንድ አልወጣም። የተቀረጠው ጣሪያና አስፋልት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤት የገዛ ሐበሻ ይህን ነገር ሳያውቀው ያውቀዋል። በየዓመቱ ከሚደርሰው የቤት ግብር ወረቀት ላይ የውሃ ጥራት ጥበቃ ክፍያ የምትል አንዲት መስመር አለች። ብዙው ሰው ከታች ያለውን ድምር አይቶ ይከፍላል፤ መስመሯ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የመጣችው ከአርባ ዓመት በላይ ከፈጀ ክርክር ነው። ክርክሩም አንድ ነገር ላይ ነው፦ ከአንድ ሰው መሬት ላይ ወርዶ የሌላውን መሬት፣ ወንዝና ባሕር የሚያበላሸውን ውሃ ዋጋ ማን ይክፈል?

ነገሩን ለመረዳት ከአንዲት ስሌት መነሣት ይበጃል። አንድ ኤከር መሬት (አራት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ) ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲወርድ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይሆናል። መሬቱ ጫካ ከሆነ ከፊሉን ቅጠሉ ይይዘዋል፣ ከፊሉ ይሰርጋል፣ ወንዝ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ። መሬቱ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ከሆነ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦው ይሮጣል። ሲሮጥም ባዶ እጁን አይሄድም። ከመኪና የተንጠባጠበ ዘይት፣ ከፍሬን የረገፈ የብረት ብናኝ፣ ከሣር የታጠበ ማዳበሪያ፣ የውሻ ኩስ፣ በክረምት በረዶ ለማሟሟት የተበተነ ጨው ይዞ ነው የሚወርደው። በዋሽንግተን የፓርኪንግ ሥራ እንጀራውን ያበሰለ ስንት ሐበሻ እንዳለ ለሚያውቅ፣ ይህ ሕግ የሚያወራው ስለ ሩቅ ነገር አይደለም።

የፌዴራሉ ሕግ መጀመሪያ ላይ ይህን ውሃ ዞር ብሎም አላየውም። በ1969 ኦሃዮ ውስጥ ካያሆጋ የሚባለው ወንዝ ላይ የተንሳፈፈው ዘይት በእሳት ተያያዘ። ወንዝ ነደደ መባሉ አገሩን አሳፈረ። በጥቅምት 1972 ኮንግረስ የንጹሕ ውሃ ሕግን አወጣ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን 24 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣል ብለው ቢቃወሙትም ሁለቱ ምክር ቤቶች ቪቷቸውን ሽረው አጸደቁት። ሕጉ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ቱቦዎችን ዒላማ አደረገ። ማንኛውም ሰው ከቱቦ ወደ ወንዝ ቆሻሻ ለመልቀቅ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነበት። ፋብሪካ ባለቤት አለው፣ ቱቦው አንድ ቦታ ነው፣ ኃላፊው ይታወቃል። ዝናብ ግን ባለቤት የለውም። ከሺህ ጣሪያና ከመቶ መንገድ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ሲወጣ ቆሻሻው የማን ነው ይባላል?

የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይህን ጥያቄ ሸሸው። በ1973 አብዛኛውን የዝናብ ውሃ ቱቦ ከፈቃድ ነጻ የሚያደርግ ደንብ አወጣ። ምክንያቱ ሰነፍ ምክንያት አልነበረም፤ አገሩ ውስጥ ያለው ቱቦ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነውና ለእያንዳንዱ ፈቃድ መስጠት አይቻልም የሚል ነበር። አንድ የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት ከሰሰ። በ1977 የዋሽንግተኑ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኤጀንሲው ሕግ ያልሰጠውን ነጻነት መስጠት አይችልም ሲል ፈረደ። ሥራው ቢከብድ እንኳ አጠቃሎ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፣ መተው ግን አይቻልም ነው ነገሩ። ከ1978 እስከ 1983 ደግሞ በ28 ከተሞች በተደረገ ጥናት ከከተማ አስፋልት የሚወርደው ውሃ እርሳስ፣ መዳብና ዚንክን የመሳሰሉ ብረቶችን በብዛት እንደሚሸከም ተረጋገጠ። ዝናቡ ንጹሕ ነው የሚለው ክርክር በዚህ አበቃ።

በየካቲት 1987 ኮንግረስ ሕጉን አሻሻለ። አሁንም ፕሬዚዳንቱ፣ በዚህ ጊዜ ሬገን፣ ወጪው በዛ ብለው ቪቶ አደረጉ፤ አሁንም ቪቶው ተሻረ። በዚያ ማሻሻያ መሠረት በ1990 የወጣው ደንብ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸውን ከተሞችና ካውንቲዎች ለዝናብ ውሃ ቱቦዎቻቸው ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደደ። አምስት ኤከርና ከዚያ በላይ የሚቆፍር ግንባታም እንዲሁ። በ1999 በወጣው ሁለተኛ ደንብ ትናንሽ ከተሞችም ተጨመሩ፣ የግንባታው ወሰን ወደ አንድ ኤከር ወረደ። አንድ ኤከር ማለት ጥቂት ቤቶች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ አንድ ኤከርና ከዚያ በላይ መሬት ቆፍሮ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ሰው የጎርፍ እቅድ ሳያዘጋጅ አካፋ መሬት ላይ ማሳረፍ አይችልም።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ኮንግረስ ለፋብሪካዎች ያወጣው መለኪያ ጥብቅ ነው፤ ለከተሞች ግን ቆሻሻውን «በተግባር እስከሚቻለው ድረስ» ይቀንሱ አለ። ይህች ሐረግ የተጻፈችው ለማግባባት ነው። ምን ያህል ነው የሚቻለው? ማን ነው የሚለካው? አንድ ካውንቲ ገንዘብ የለኝም ካለ አልተቻለም ይባላል? ኮንግረስ መልሱን ሳይጽፍ ሄደ፤ ገንዘቡንም ሳይመድብ ሄደ። ትእዛዙ ከፌዴራል ወደ ግዛት፣ ከግዛት ወደ ካውንቲ እየወረደ ሲመጣ፣ ልክ እንደ ውሃው፣ መጨረሻ ላይ የሚጠራቀመው ታች ነው። ሂሳቡን ይዞ መራጩ ፊት የሚቆመው የካውንቲው ምክር ቤት አባል ነው።

ሜሪላንድ ከፌዴራሉ መንግሥት ቀድማ ነበር የጀመረችው። በ1982 ባወጣችው ሕግ ካውንቲዎች ሁሉ የጎርፍ ደንብ እንዲኖራቸው ታዘዙ። የዚያን ጊዜው ዘዴ ኩሬ ነው። አልሚው መንደሩን ሲሠራ ጥግ ላይ ትልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ቀስ እያለ ይለቀቃል። ለአልሚው ምቹ ነበር፤ አንድ የማይሸጥ ጥግ መርጦ ኩሬ ካደረገው የቀረውን መሬት እስከ ጠርዙ መሸንሸን ይችላል። ለወንዙ ግን ያን ያህል አልጠቀመውም። ኩሬው የጎርፉን ጫፍ ይቆርጣል እንጂ የውሃውን ብዛት አይቀንስም። ቀድሞ መሬት ውስጥ ይሰርግ የነበረው ውሃ አሁን በኩሬው አልፎ ለረጅም ሰዓት በወንዙ ውስጥ ይወርዳል፣ ዳርቻውን ሲገዘግዝ ይውላል።

የተሻለውን ዘዴ ያመጣው ሀብታሙ ሞንትጎመሪ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላሪ ኮፍማን የተባሉ የካውንቲው ባለሙያና ባልደረቦቻቸው ውሃውን አንድ ቦታ ከመሰብሰብ ይልቅ በወደቀበት ቦታ ማስቀረት ይቻላል ብለው ተነሡ። ሶመርሴት በሚባል አዲስ መንደር ውስጥ በየግቢው ዝቅ ያለ የአትክልት መደብ ተሠራ፤ አፈሩ አሸዋማ፣ ተክሉ ውሃ የሚወድ። ከአሸንዳ የሚወርደው ውሃ እዚያ ይገባል፣ ይሰርጋል። የመንገድ ጠርዝና ቱቦ የቀረበት ቦታ ብዙ ስለነበር አልሚውም ከኩሬው ያነሰ ወጣበት። ካውንቲው በ1999 ዘዴውን በመመሪያ አሳተመው፣ ከዚያም ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተከተሉት። አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር አሜሪካዊ የሆነ ካውንቲ ለዓለም ስላበረከተው ነገር ሲወራ ይህ እምብዛም አይነሣም። መነሣት ይገባዋል።

በ2007 ሜሪላንድ ይህን ዘዴ አማራጭ ከመሆን ወደ ግዴታ ለወጠችው። ደንቡ በ2009 ወጣ፣ ካውንቲዎች እስከ ግንቦት 2010 ሥራ ላይ እንዲያውሉት ታዘዙ። አልሚው ከእንግዲህ ኩሬ ሠርቶ አይገላገልም፤ ውሃውን በትናንሽ መደቦች፣ በሣር ቦዮች፣ ውሃ በሚያሰርግ ንጣፍ በየቦታው ማስቀረት አለበት። ኩሬ የሚፈቀደው ይህ ሁሉ ካልበቃ ብቻ ነው። ባዶ መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ይቻላል። ትልቁ ጠብ የተነሣው አሮጌ ከተማ ውስጥ ነው። ቀድሞ የተሠራን ቦታ አፍርሶ የሚገነባ ሰው እስከዚያ ድረስ ውሃ ከማያሰርገው ገጽ 20 በመቶውን ብቻ ነበር እንዲያስተካክል የሚጠየቀው፤ አዲሱ ደንብ 50 በመቶ አደረገው።

አልሚዎቹ ጮኹ፤ ጩኸታቸው ውስጥ ግን እውነት ነበረበት። የተበላሸ የገበያ ማዕከል ገዝቶ በሜትሮ ጣቢያ አጠገብ አፓርትመንት መሥራት ውድ ከሆነ፣ ገንዘቡ ወደ በቆሎ እርሻ ይሄዳል። እርሻው ላይ አዲስ መንገድ፣ አዲስ ጣሪያ፣ አዲስ አስፋልት ይነጠፋል። ውሃን ለማዳን የወጣ ደንብ ጫካና እርሻ ያስበላል ማለት ነው። ባልቲሞርን የመሰለ ከተማ ባለሀብት እየለመነ ባለበት ሰዓት ይህ ቀልድ አልነበረም። ግዛቲቱ በ2010 በአስቸኳይ ደንብ ቀድመው የመጀመሪያ ፈቃድ ያገኙ ግንባታዎች በአሮጌው ሕግ እንዲቀጥሉ፣ አፍርሶ ለሚገነባም ሌሎች አማራጮች እንዲኖሩ አደረገች። የአካባቢ ተሟጋቾች ከሁለት ተከፈሉ። ከፊሉ ይህ ክህደት ነው አለ፣ ከፊሉ ደግሞ ከተማ ውስጥ የሚሠራውን ሰው መቅጣት ሞኝነት ነው አለ። በዚህ ነገር ሁለተኞቹ ይበልጥ ትክክል ነበሩ።

ይህ ሁሉ ግን የሚመለከተው አዲስ ግንባታን ነው። ትልቁ እዳ ያለው ግን ከ1982 በፊት ምንም ደንብ ሳይኖር በተነጠፈው አስፋልት ላይ ነው። እነዚያን መንደሮች የሠሩት አልሚዎች ትርፋቸውን ይዘው ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም ሞተዋል። ቤቱ ሦስትና አራት ጊዜ ተሸጧል። ውሃው ግን ዛሬም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ስድስት ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ውሃቸውን የሚያፈሱበት ይህ ባሕረ ሰላጤ ለሜሪላንድ ሰው ጣና ለባሕር ዳር ሰው እንደሆነው ነው፤ ሸርጣኑና ኦይስተሩ ከመብልም አልፎ መታወቂያው ነው። ከእርሻ፣ ከፍሳሽ ማጣሪያና ከከተማ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ታች ያለው ፍጡር ይታፈናል። በታኅሣሥ 2010 የፌዴራሉ ኤጀንሲ ለባሕረ ሰላጤው የቆሻሻ ጣሪያ ወሰነ፤ ግዛቶቹ እስከ 2025 ድረስ አስፈላጊውን ሥራ ሁሉ እንዲጨርሱ ቀነ ገደብ ተቀመጠ።

ሜሪላንድም ትእዛዙን ወደ ታች አወረደችው። ለትላልቆቹ ካውንቲዎች በምትሰጠው ፈቃድ ላይ አዲስ ግዴታ ጻፈች፦ ምንም የጎርፍ መቆጣጠሪያ ከሌለው አሮጌ ጣሪያና አስፋልት ውስጥ 20 በመቶውን በአምስት ዓመት አስተካክሉ። ሞንትጎመሪ ይህን ፈቃድ በ2010 ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ቀነ ገደቡንም ሳታሟላ ቀረች። ገንዘብ ያላት፣ የጎርፍ ክፍያ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የምትሰበስብ ካውንቲ ካልቻለች ሌሎቹ እንዴት ይሁኑ?

የ2012ቱ ሕግ የመጣው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው። ገዥው ማርቲን ኦማሊ የፈረሙት ይህ ሕግ ዘጠኝ ትላልቅ ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2013 ድረስ የጎርፍ ክፍያ እንዲጀምሩ አዘዘ። መጠኑን ግን ለእነሱ ተወው። ዓላማው መልካም ነበር፤ እያንዳንዱ አቅሙንና እዳውን ያውቃል በሚል። የፖለቲካ ስህተቱ ግን ከዚህ አይብስም። ግዛቲቱ ክፈሉ አለች፣ ስንት የሚለውን ለካውንቲ ተወች፣ የራሷን ሕንጻዎችና መንገዶች ደግሞ ከክፍያ ነጻ አደረገች። ሰፊ አውራ ጎዳና ያነጠፈ መንግሥት ራሱን ነጻ አውጥቶ የጡረተኛዋን ጣሪያ ሲለካ ሕዝቡ ምን ይበል?

ካውንቲዎቹ በየፊናቸው ሄዱ። ፍሬድሪክ ካውንቲ ሕጉን ቃል በቃል አከበረች፦ በአንድ ይዞታ አንድ ሳንቲም። ከካውንቲው ሁሉ በዓመት የሚሰበሰበው ከ500 ዶላር በታች ነው። ሕጉ ክፍያ ይኑር አለ እንጂ ይብቃ አላለም። ካሮል ካውንቲ ከነጭራሹ እምቢ አለች። ቅጣት እንደሚጠብቃት ከተነገራት በኋላ በ2014 ክፍያ ሳትጥል ከቤት ግብር ገቢዋ ለዚህ ሥራ ለመመደብ ተስማማች። በእርግጥ ካሰቡት ይህኛው ከአንዷ ሳንቲም የበለጠ ሐቀኛ ነበር፤ ቢያንስ ገንዘብ አለበት።

አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የቤት ግብር አይከፍልም፤ ይህ ግን ግብር ሳይሆን ክፍያ ነው ስለተባለ ነጻ አልወጣም። የአሜሪካ ከተማ ዳር ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የሚሞላ ትልቅ ፓርኪንግ አለው፤ ሂሳቡም በዚያው ልክ ነው። ከሙዳየ ምጽዋት ለአስፋልት መክፈል ለየትኛውም አገልጋይ የሚዋጥ አይደለም። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በዚህ ጊዜም ብልህ ሆነች። በ2014 በርካታ አብያተ ክርስቲያናት በግቢያቸው ውሃ የሚያስቀር የአትክልት መደብ ለመሥራት፣ አስፋልታቸውን ለመቀነስና ምእመኑን ስለ ውሃ ለማስተማር ተስማምተው ክፍያቸው ተቀነሰላቸው። በ2015 ደግሞ ካውንቲዋ ከአንድ የግል ድርጅት ጋር የ30 ዓመት ውል ገብታ በመጀመሪያው ዙር 2,000 ኤከር አሮጌ አስፋልት እንዲስተካከል አደረገች። አብዛኛው የኅብረተሰብ ተሳትፎ ወሬ ሆኖ በሚቀርበት ዘመን ይህኛው መሬት ላይ የሚታይ ነበር።

ሞንትጎመሪ ውስጥ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ አልሚ ከንብረቱ የሚወርደውን ውሃ በራሱ ገንዘብ በሠራቸው ኩሬዎች እያስተናገደ ሳለ ካውንቲዋ ሙሉ ክፍያ ጠየቀችው። በ2015 ዳኛው ለአልሚው ፈረዱ፤ ክፍያ ከሆነ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር መያያዝ አለበት ነው ነገሩ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሽሎ ክፍያው በግብር ሥልጣን ላይ እንዲቆም አደረገ። ባለሥልጣናቱ ለዓመታት ግብር አይደለም ሲሉት የኖሩት ነገር ከፍርድ ቤት ለመትረፍ ሲል ግብር ሆነ። ተቃዋሚዎቹ ስም አወጣጥ ላይ ያን ያህል አልተሳሳቱም ነበር ማለት ነው።

ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ የተነሣው ክርክር ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ አኮቲንክ የሚባል ጅረት በደለል ተበላሽቷል። የፌዴራሉ ኤጀንሲ ደለሉን ከመቁጠር ይልቅ ደለሉን የሚያመጣውን የውሃ ብዛት ልወስን አለ፤ ጎርፉ በግማሽ ገደማ ይቀነስ። ዴሞክራቶች የሚመሩት የፌርፋክስ ቦርድና የግዛቲቱ ሪፐብሊካን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኬን ኩቺኔሊ በ2012 አብረው ከሰሱ። በሌላ ነገር አንድ ገበታ የማይቀርቡ ሰዎች ናቸው። በጥር 2013 ዳኛው ሕጉ ኤጀንሲውን የፈቀደለት ቆሻሻን እንዲገድብ ነው፣ ውሃ ራሱ ቆሻሻ አይደለም ብለው ፈረዱ። በሕጉ ፊደል ዳኛው ልክ ናቸው። በጅረቱ ዳር ለቆመ ሰው ግን የሚያፈርሰው ደለሉ ሳይሆን ውሃው ነው።

ሆጋን ወደ ሥልጣን ሲመጡ ይህ ሁሉ ከኋላ ነበር። ሰውዬው ዕድሜያቸውን የሠሩት በመሬትና ሪል ስቴት ንግድ ነውና ጉዳዩን ከመድረክ በላይ ያውቁታል። በ2015 የፈረሙት ሕግ ግን የምርጫውን ቃል ያህል አልነበረም። ዴሞክራቶች የያዙት ምክር ቤት ክፍያውን አልሻረውም፤ ግዴታነቱን አነሣ። ካውንቲዎች ክፍያ መጣል አለመጣል መብታቸው ሆነ፤ ነገር ግን ሥራውን የሚሠሩበት ገንዘብ እንዳላቸው ለግዛቲቱ ማሳየት አለባቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ዓይነት ነው። ክፍያው ተደበደበ፣ ግዴታውን ያመጣው የፌዴራል ፈቃድ ግን ንቅንቅ አላለም። ሃርፎርድና ባልቲሞር ካውንቲዎች ክፍያቸውን አነሡ፤ 20 በመቶው ግን ባለበት ቆየ። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ የሚመጣው ከጠቅላላው በጀት ነው፤ ማለትም ከትምህርት ቤቱ፣ ከፖሊሱና ከመንገዱ ጋር እየተሻማ። ሰፊ ፓርኪንግ ያለው የገበያ ማዕከልና ትንሽ ግቢ ያላት መበለት በአስፋልታቸው ልክ መክፈላቸው ቀረ፤ በቤታቸው ዋጋ ልክ ሆነ። ይህ ለማን እንደጠቀመ ለማወቅ ሂሳብ ሹም መሆን አያሻም።

ከዚያ ኤሊኮት ሲቲ መጣ። ሃዋርድ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ይህች ከተማ በ1772 በወፍጮ ባለቤቶች የተመሠረተች ናት፤ በቋጥኝ ሸለቆ ውስጥ፣ ጅረቶች ፓታፕስኮ ወንዝን በሚገናኙበት ቦታ። አንዳንዶቹ ሱቆች የተሠሩት ጅረቱ ላይ ነው። በሐምሌ 30 ቀን 2016 ማታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአምስት ኢንች በላይ ዘነበ። ዋናው መንገድ ወንዝ ሆነ፣ መኪኖች ተገለበጡ፣ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ነጋዴዎቹ ተበድረው ሱቃቸውን መልሰው ሠሩ። በግንቦት 27 ቀን 2018 ያው ጎርፍ ተመልሶ መጣ፤ ሰው ለማዳን የወጣ አንድ የብሔራዊ ዘብ አባል ይዞ ሄደ።

ሕዝቡ ጣቱን ወደ ላይ፣ በሸለቆው አናት ላይ ወደተሠሩት መንደሮች ቀሰረ። ከፊሉ እውነት ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ወይም በላላበት ጊዜ ነው። ግን ሸለቆው ድሮም ጎርፍ ያውቃል፤ ደንቦቹም የተሰሉት ለተለመደ ዝናብ እንጂ እንዲህ ላለው አይደለም። በየግቢው የሚሠራ የአትክልት መደብ አንድ ኢንች ያስቀራል፤ ስድስት ኢንች ሲወርድበት እሱም ሞልቶ ያፈሳል። የቼሳፒክን ሸርጣን ለማዳን የተጻፈ ሕግ የኤሊኮት ሲቲን ነጋዴ አላዳነም። በ2018 የካውንቲው ምክር ቤት በዚያ ተፋሰስ ውስጥ አዲስ ግንባታ ለአንድ ዓመት አገደ። በኋላም ካውንቲው ከዋናው መንገድ ግርጌ አንዳንድ ሕንጻዎችን አፍርሶ ለውሃው ቦታ መልቀቅንና በተራራው ውስጥ የጎርፍ ዋሻ መቆፈርን የሚያካትት እቅድ ያዘ።

ዋሽንግተን ዲሲ በበኩሏ ነገሩን ወደ ገበያ ወሰደችው። በ2013 ባወጣችው ደንብ ትልቅ ግንባታ የሚያካሂድ ሰው የመጀመሪያውን 1.2 ኢንች ዝናብ ማስቀረት አለበት። መሐል ከተማ ውስጥ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወርቅ ስለሆነ ቢያንስ ግማሹን በቦታው አስቀርቶ የቀረውን ከሌላ ሰው መግዛት ይችላል። ሌላ ሰፈር ያለ ባለቤት አስፋልቱን ነቅሎ መደብ ከሠራ ያስቀረውን ውሃ በጋሎን ቆጥሮ ይሸጥለታል። ከሻጮቹ አንዱ ማውንት ኦሊቬት የተባለው የካቶሊኮች የመቃብር ሥፍራ ነው። በመቃብሩ መካከል የተነጠፈው መንገድ ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሚያስከፍላት ክፍያ ከባድ ነበር። በ2018 አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ከአስፋልቱ ከፊሉን አንሥቶ መደቦች ሠራበት። እዚያ የሚሰርገው ውሃ መሐል ከተማ ላሉ ባለፎቅ ገንቢዎች ይሸጣል።

ሜሪላንድ ውስጥ የቀረችው ያች «በተግባር እስከሚቻለው ድረስ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ፍሬድሪክና ካሮል፣ አንዷ ባለ አንድ ሳንቲም፣ ሌላዋ እምቢ ባይ፣ ግዛቲቱን ከሰሱ። 20 በመቶው ከሚቻለው በላይ ነው፣ ፌዴራሉ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቀም አሉ። በነሐሴ 2019 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፤ ግዛቲቱ ከዚያ ሐረግ በላይ መጠየቅ ትችላለች አለ። ፍርዱ ሲሰጥ ሆጋን ሁለተኛ የሥልጣን ዘመናቸው ላይ ነበሩ። በፍርድ ቤቱ ፊት ቆሞ ያንን 20 በመቶ ሲከላከልና ሲረታ የነበረው የእሳቸው አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በጥር 2023 ሥልጣናቸውን ሲያስረክቡም ሞንትጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ ሃዋርድ፣ አን አረንደልና የባልቲሞር ከተማ ክፍያውን እየሰበሰቡ ነበር።